በጽዋው ፊት አራጣ ያልሁት አክሲዮን

መጀመሪያ ሳይኖረው ሁሉን የሚያስጀምር፣ ማለቂያ ሳይኖረው ሁሉን የሚያስፈጽም፣ የልብን ጓዳ ያለ ፋና የሚመረምር እግዚአብሔር ስሙ ከፍ ከፍ ይበል። የሽምግልናዬን ወራት አርዝሞ፣ አንደበቴ ሳይያዝ እጄም ሳትደክም ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ ስላበቃኝ ከሁሉ አስቀድሜ እርሱን አመሰግናለሁ።

አሁን የምጽፈው ነገር በሰው ጉባኤ ተነግሮ አያውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ የነገርኋቸው ጫፉን ቆርጬ ነው። «ሳላውቅ ተናግሬ ሰው አሳዘንሁ» አልኋቸው፤ እርሳቸውም በየዋህነት ስግደትና ጸሎት አዘዙልኝ። ሰገድሁ፤ ጸለይሁም። ግን ተቆርሶ ለተነገረ ኃጢአት የተሰጠ ቀኖና ያልተነገረውን እንዴት ያነሣዋል? የደበቅሁት ቁራሽ ከእኔ ጋር ቀረ። ስለዚህ አንባቢዬ ሆይ፣ ዛሬ አንተን ከንስሐ አባቴ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ እኔ ከወንበሩ በታች እንበረከካለሁ። እንዳታዝንልኝም እለምንሃለሁ፤ ይህን የምጽፈው ደስ እያለኝ ነው። ኃጢአቱን የሚናገር ሰው እንዴት ደስ ይለዋል ትለኝ ይሆናል። ዳገቱን ጨርሶ ሸክሙን ያወረደ ሰው ወገቡን ሲያቃና አይተህ ታውቅ እንደሆነ እርሱን አስብ።

እኔ በላይ ጋይንት፣ ከንፋስ መውጫ ወጣ ባለች ደብር የማገለግል ቄስ ነኝ። ቅኔ ተቀኝቻለሁ፤ ከመምህሬ እግር ሥር ተቀምጬ ትርጓሜ መጻሕፍትን ተምሬአለሁ። በዚህ የተነሣ የአገሩ ሰው «የኔታ» ይለኛል፤ እንግዳ ቃል በተሰማ ጊዜም፣ የመንግሥት አዋጅ ይሁን የሬዲዮ ወሬ፣ «የኔታ ይፍቱት» እያለ ወደ እኔ ያመጣዋል። የትርጓሜ ተማሪ ልማዱ የታወቀ ነው፤ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ሰጥቶ አይቆምም። «አንድም» ብሎ ሁለተኛ ይጨምራል፤ ደግሞ «አንድም» ብሎ ሦስተኛ ይጨምራል። ይህ አባቶቻችን የመጽሐፍን ጥልቀት የመረመሩበት ጥበብ ነው። እኔ ግን ያልተማርሁትን ነገር መሸፈኛ አደረግሁት። መምህሬ ያላገኙት ነገር ሲገጥማቸው «ቆየኝ፤ ጠይቄ ልንገርህ» ይሉ ነበር። ከእርሳቸው ብዙ ተማርሁ፤ ይህችን ብቻ ሳልማር ቀረሁ።

በቅዱስ ሚካኤል የጽዋ ማኅበራችን ውስጥ አያሌው የሚባል ገበሬ ነበረ። ዛሬም አለ፤ ዕድሜውን ያርዝመው። ገብስና ድንች ያመርታል፤ የጎረቤቱንም ድንች ጨምሮ ሰብስቦ በመኪና አስጭኖ ይሸጣል። ጨዋታ አዋቂ ነው። «የኔታ፣ ስብከትዎ ሲረዝም በሬዎቼ ይናፍቁኛል» ይለኝ ነበር፤ እኔም ስቄ አሳጥራለሁ። ከማኅበርተኛው ሁሉ እርሱን እወደው ነበር። ይህን መናገሬ ጥፋቴን ለማቅለል እንዳይመስልህ፤ የምትወደውን ሰው መበደል የማትወደውን ከመበደል የከፋ እንጂ የቀለለ አይደለም።

ድንች የበረከተበት ዓመት ነበር። አንድ የዱቄት ፋብሪካ ሊቋቋም ነው ተብሎ፣ አክሲዮን የሚሸጡ ሰዎች ወደ ንፋስ መውጫ መጡ። አያሌው ከድንቹ ሽያጭ የተረፈውን ይዞ ሄዶ ገዛ። ሌላው ሰው ወይ በሬ ይገዛል፣ ወይ ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሳል፤ አያሌው ግን በገንዘቡ ወረቀት ገዝቶ ተመለሰ ተባለ። ወሬውም ከእርሱ በፊት መንደር ገባ።

የዚያ ወር የሚካኤል ዕለት፣ ጽዋው ከተባረከ በኋላ፣ የማኅበሩ መሪ፣ እኛ ሙሴ የምንለው ሽማግሌ፣ «የኔታ፣ ይህ አክሲዮን የሚሉት ነገር ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ቃሉን ከሬዲዮ ሰምቼዋለሁ፤ ከዚያ በቀር የማውቀው አንዳች ነገር አልነበረም። የሁሉም ፊት ወደ እኔ ዞረ። አያሌው ራሱ ፈገግ ብሎ ይጠብቀኛል፤ ጥሩ ነገር የምናገርለት መስሎታል። ያን ጊዜ «ቆዩኝ፤ ልጠይቅ» ብል ምን ይጎድለኝ ነበር?

ጉሮሮዬን ጠረግሁና ጀመርሁ። «አክሲዮን ማለት ለፋብሪካ የሚሰጥ ብድር ነው፤ በየዓመቱ ወለድ ይቆረጥበታል። አንድም፣ ቁማር ነው፤ ካልታረሰ መሬት አዝመራ ይጠበቅበታልና። አንድም፣ የሥራ ፈት እንጀራ ነው፤ በሰው ወዝ ይበላበታልና። በሦስቱም መንገድ ብትሄዱ መድረሻው አራጣ ነው።»

አያሌው መጀመሪያ ሳቀ፤ እየቀለድሁ መሰለው። ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወ።

«የኔታ፣ አራጣ በልቼ እንደሆነ ያበደርሁትን ሰው ስሙን ይንገሩኝ» አለ።

እርሱም ቀጠለ፤ «ፋብሪካው ቢከስር የእኔም ገንዘብ አብሮ ይከስራል። የሚከስር አራጣ በየትኛው አገር አለ?»

አንባቢዬ ሆይ፣ ይህች ጥያቄ የሦስቱን «አንድም» ሥር የምትነቅል ነበረች። ከእኔ ደቀ መዛሙርት አንዱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢጠይቀኝ ግንባሩን እስመው ነበር። አያሌውን ግን «ዝም በል፤ ጽዋ ፊት ነህ» አልሁት። እኔ እንዲህ ካልሁ በኋላ ሌላው ምን ይበል? ማኅበርተኛው ወይ ወረቀቱን ይመልስ፣ ወይ ከጽዋው ይውጣ ብሎ ፈረደ።

«ኃጢአት ከሆነ በመጽሐፍ ያሳዩኝና ዛሬውኑ ልመልስ» አለ።

በየትኛው መጽሐፍ ላሳየው? ዝም አልሁ፤ ዝምታዬም እንደ ፍርድ ተቆጠረ። አያሌው ተነሣ፤ ጽዋው የተሸፈነበትን ጨርቅ ተሳለመ፤ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንደሩ «አራጣ በላው» ተባለ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

እስከዚህ ያለውን ማኅበራችን ያውቀዋል። ያልታወቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ብዙም ሳይቆይ ለልብሰ ተክህኖ የሚሆን ጨርቅ ለመግዛት ንፋስ መውጫ ሐጂ ይመር ሱቅ ገባሁ። ሐጂ ይመር የከተማው ሙስሊም ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ የረጅም ዘመን ወዳጄም ናቸው። ከዚያ ፋብሪካ አክሲዮን እርሳቸውም መግዛታቸውን ሰምቼ ነበርና፣ «ሐጂ፣ እርስዎም ከአራጣ በሎች ተደመሩ አሉ» ብዬ ቀለድሁ።

ጨርቁን እየለኩ ነበር፤ መለኪያውን አስቀመጡት።

«አስተግፊሩላህ። እኔ ወለድ ስበላ የታየሁት መቼ ነው? ለመሆኑ የኔታ፣ ላም ለርቢ ሰጥተው ያውቃሉ?»

«አዎን፤ ለእህቴ ልጅ ሰጥቻለሁ።»

«ብትወልድ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ጥጃውን እንካፈላለን።»

«ብትሞትስ?»

«ቆዳዋን ያመጣልኛል። ላሚቱ የእኔ ናት፤ ሞቷም የእኔ ነው።»

«ወለደችም አልወለደች፣ ሞተችም ዳነች፣ በየዓመቱ ይህን ያህል ቅቤ ቁጭ ታደርጋለህ አሉት?»

«ምን በወጣኝ።»

«ያን ቢሉት ነው አራጣ የሚሆን። አክሲዮን ላሟ ውስጥ ያለን ድርሻ ነው፣ የኔታ። ፋብሪካው ሲያተርፍ የትርፍ ድርሻ እንካፈላለን፤ ሲከስር ቆዳው ይመጣልናል። ቦንድ የሚሉት ሌላ ነው፤ እርሱ ብድር ነው፣ ወለዱ ከመነሻው ተቆርጧል። እርሱን እኔ አልነካም። ሁለቱን እንዳያምታቱብኝ።»

እኔ ግን አስቀድሜ አምታትቼ፣ በዚያም በሰው ላይ ፈርጄ ነበር የመጣሁት። ሐጂ ጨርቁን ጠቅልለው ሲሰጡኝ፣ «አያሌው ልቡ ቆስሏል። ለማኅበርዎ ቢነግሩለት» አሉኝ። «እነግራለሁ» አልሁ። ከሱቁ ስወጣ እውነቱን አውቄ ነበር። ይህን ልብ በልልኝ፤ ከዚያ ሱቅ ስወጣ አውቅ ነበር።

የሚካኤል ዕለት ደረሰ፤ አልነገርሁም። በሚቀጥለውም ወር አልነገርሁም። ለምን? «የኔታ ተሳሳቱ» መባልን ፈራሁ። ዛሬ በአክሲዮን ተሳስተው ከሆነ ትናንት በመጽሐፉስ ተሳስተው እንዳይሆን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞ «ጥቂት ልቆይና ነገሩ ሲበርድ እናገራለሁ» አልሁ። ነገሩ የበረደው ግን ለእኔ ብቻ ነበር፤ በአያሌው ላይ እንደነደደ ነው። ሐጂ ይመር አንድ ጊዜ «ነገሩለት?» ብለው ጠየቁኝ፤ ወሬ ለወጥሁባቸው። ተመልሰው አልጠየቁኝም። በክርስቲያኖች ጽዋ መካከል ገብተው መናገርን አልወደዱም፤ እንዲህ ያለ ጨዋነት ያላቸው ሰው ናቸው። እኔም ጨዋነታቸውን መደበቂያዬ አደረግሁት።

ዓመታት አለፉ። የአያሌው ልጅ ሰናይት አገባች። ከማኅበርተኛው ወደ ሠርጉ የሄደ ጥቂት ነው፤ ሌላው «የአራጣ ድግስ አንበላም» ብሎ ቀረ። ዳሱን ከጎረቤቶቹ ጋር ሆነው የተከሉት ሐጂ ይመርና ልጆቻቸው ናቸው። የከበሮው ድምፅ ቤቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ልጅቱን ያጠመቅኋት እኔ ነኝ። ተነሥቼ ብሄድ ኖሮ መንደሩ ሁሉ ተከትሎኝ በሄደ ነበር። ያን ቀን ዳዊት ደገምሁ፤ የደገምሁትን ግን አልሰማሁትም። አያሌው ከዚያ በኋላ ስለ ሠርጉ የጠየቀውን ሰው «ዳሱ ሰፋን፤ እንደ ልባችን ጨፈርን» አለው ሲሉ ሰማሁ።

እንግዲህ ወደ ደስታው ልምጣ፤ ጥፋቴ ያለው ግን በደስታውም ውስጥ ነው።

በቅርቡ በአገራችን አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ የሚለው ወሬ እኛም ዘንድ ደረሰ። ወጣቶቹ በስልካቸው እያዩ «ማኅበራችን ያጠራቀመው ገንዘብ ከሚተኛ ለምን አክሲዮን አንገዛበትም?» አሉ። ሽማግሌዎቹ እንደ ልማዳቸው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «የሚያውቅ ሰው ይጠራልን» አልሁ። የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ የተገኘችው ማን ትመስልሃለች? በደብረ ታቦር እንዲህ ያለውን ለሰው እያስረዳች የምትኖረው የአያሌው ልጅ ሰናይት ናት። ተጠራች፤ መጣችም። የእኔን ጉልበት ስማ፣ በሚካኤል ዕለት በሙሴው ግቢ በባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ማኅበርተኛውን ሰብስባ ማስተማር ጀመረች።

እኔ በዚያን ቀን ደስ ያለኝን ያህል ጉባኤ ቤት ከወጣሁ ወዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንደ ተማሪ ከፊት ተቀመጥሁ። መዋዕለ ንዋይ የሚለው ቃል የእኛው ግእዝ ነው፤ መዋዕል ዘመን፣ ንዋይ ገንዘብ። ገንዘብን ለዘመን አደራ መስጠት ማለት ነው ብዬ በልቤ ፈታሁትና፣ ከአፌ ሳላወጣ ወደ እርስዋ አየሁ። እርስዋም እንደዚያው አድርጋ አስረዳች፤ ዛሬ ይበላ የነበረውን ገንዘብ በጊዜ ብዛት እንዲያፈራ ማስቀመጥ ነው አለች። ደስ አለኝ፤ አልተናገርሁም፤ ስላልተናገርሁም ደግሞ ደስ አለኝ።

«አባቴ ገብሱን የሚዘራው ደጋ ላይ ነው» አለች። «ጤፍ ግን ወይና ደጋው ላይ አለው። ታች ጋይንት ደግሞ አክስቴ ዘንድ በእኩል ማሽላ ያዘራል። ለምን አንድ ቦታ ሰብስቦ አይዘራም?»

«ደጋውን ውርጭ ቢመታው ቆላው እንዲተርፈው ነዋ» አለ ሙሴው።

«ፖርትፎሊዮ የሚሉት ይኸው ነው። አንድ ሰው ያሉት አክሲዮኖች፣ ቦንዶች፣ በባንክም ያስቀመጠው፣ ሁሉ እንደ ማሳዎቹ ባንድነት ሲታዩ ነው። ሁሉን ባንድ ማሳ የዘራ ሰው በአንድ በረዶ ይራባል። የዘር እህላችሁን ግን ከዚህ ውስጥ አታስገቡ። ለሕመምና ለክፉ ቀን የሚሆነው በቤት ይቆይ።»

አንዲት እናት ከኋላ «ልጄ፣ ዋጋው የወረደብን እንደሆነስ?» አለች።

«ይወርዳል፤ ይወጣልም። እርስዎ በረዶ በመታው ማግሥት ማሳዎን ይሸጡታል?»

«ማን ይገዛኛል ብዬ።»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ሰናይትም አብራ ሳቀችና፣ «ቢሆንም ማሳው ራሱ መጥፎ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ድርጅት ይከስራል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የድርጅቱን መግለጫ አንብቡ፤ ማን ያርሰዋል፣ ምን ይዘራበታል፣ ዕዳ አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ትርፍ ቁርጥ ነው የሚላችሁን ሰው ግን ሸሹት» አለች።

ያን ጊዜ ሙሴው ጺሙን እየዳሰሰ፣ «እንግዲያ አያሌው ምን አጠፋ?» አለ።

ሰናይት ወደ እኔ ተመለከተች፤ በዓይንዋ ቂም አልነበረም። «የኔታ ምን ያድርጉ» አለች። «ያን ጊዜ የሚያስረዳቸው ሰው አልነበረም።»

አንባቢዬ ሆይ፣ ልጅቱ በቸርነትዋ የምወጣበትን በር ከፈተችልኝ። እኔም ገባሁበት። «እውነት ነው ልጄ፤ አላወቅሁም ነበር» አልሁ። በጽዋ ማኅበርተኛ ፊት፣ በቅዱስ ሚካኤል ዕለት፣ መስቀል በእጄ ይዤ፣ አላወቅሁም ነበር አልሁ። መጀመሪያ የተናገርሁት ውሸት ከእውቀት ማነስና ከትዕቢት ነበረ። ይህኛው ግን እያወቅሁ የተናገርሁት ነው።

ሁሉም ራራልኝ። አያሌው ይጠራ ተባለ፤ ሰው ተላከበት። ሲገባ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ሽማግሌዎቹ ተነሡለት፤ ሙሴው አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። እኔ ከእግሩ ልወድቅ ስል በሁለት እጁ አነሣኝና፣ «የኔታ፣ ይተዉ። ለመሆኑ ጠላው እንደ ድሮው ቀጭን ነው፣ ወይስ እኔ በሌለሁበት ወፈረ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ብዙው ደግሞ እየሳቀ አለቀሰ። ጽዋውን ተቀበለ። ያን ቀን በዚያ ግቢ የነበረውን ደስታ ጽፌ አልጨርሰውም። የተጣሉ ጎረቤቶች ሳይቀሩ በዚያው ታረቁ። እኔም ከሁሉ ይልቅ ደስ አለኝ፤ ከሁሉ ይልቅም በራሴ ፊት ቀለልሁ፤ የተቀበልሁት ይቅርታ ላልሠራሁት ጥፋት የተሰጠ ነበርና። ይቅር የተባለው አንድ ያላወቀ ሽማግሌ ነው። እኔ እርሱን አልነበርሁም።

ማኅበሩ አክሲዮኑን ገዝተው እንዲፈርሙ ሁለት ሰዎች መረጠ፤ እኔንና አያሌውን። በሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ወደ ደብረ ታቦር ጉዞ ጀመርን። ማለዳው ብሩህ ነበር፤ ገብሱ በየማሳው ያዘመመበት ወራት ነው። አያሌው እንደ ልጅ ይጫወታል። ስለዚያች የዱቄት ፋብሪካ አክሲዮኑ ጠየቅሁት።

«አንዳንድ ዓመት ትወልዳለች፤ አንዳንድ ዓመት ትነጥፋለች» አለ። «ቆዳዋ ግን ገና አልመጣልኝም።»

የሐጂን ምሳሌ እርሱም ሰምቶታል ማለት ነው። ደነገጥሁ፤ እርሱ ግን አላስተዋለኝም፤ ጨዋታውን ቀጠለ። «ለሚስቴ ሁልጊዜ እነግራታለሁ። የኔታ ባያውቁ ነው እንጂ፣ ቢያውቁማ ኖሮ በማግሥቱ ቤቴ ድረስ መጥተው ይነግሩኝ ነበር እላታለሁ።»

ይህን ሲለኝ ከዚያ በላይ መሸከም አቃተኝ።

«አያሌው፣ አውቅ ነበር» አልሁት።

«ምኑን?»

«አራጣ አለመሆኑን። አንተ ከጽዋው ከወጣህ ጥቂት ሳይቆይ ሐጂ ነገሩኝ። አውቄ ዝም አልሁ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ከብዙ መንገድ በኋላ፣ ወደ እኔ ሳይመለስ፣ «በሰናይት ሠርግ ጊዜስ?» አለ።

«አውቅ ነበር።»

ክምር ድንጋይ ደረስን። የሚኒባሱ ረዳት መጥቶ «አባቶች፣ ሒሳብ» አለን። አያሌው ቀድሞኝ፣ «ከእርሳቸው ተቀበል። ዕዳ አለባቸው» አለው። የሁለታችንንም ከፈልሁ። ፈገግታ በከንፈሩ ዳር ሲያልፍ አየሁ፤ ተስፋም አደረግሁ።

«የኔታ፣ ያን ጊዜ አራጣ በላህ ያሉኝ በጽዋው ፊት ነው» አለ። «ይህን ደግሞ የሚነግሩኝ በሚኒባስ ውስጥ ነው። አይመጣጠንም።»

«በጽዋው ፊት እናገራለሁ።»

«ቆመው ከተናገሩማ አንድም እያሉ ያመልጣሉ። ይጻፉትና ከወረቀቱ ያንብቡት።»

«ይቅር ትለኛለህ?»

«አላውቅም። ያን ቀን ያባረሩኝ ሁሉ በተሰበሰቡበት ልስማውና ልቤ ምን እንደሚል እኔም እሰማዋለሁ። አሁን ይህን ጥያቄ አይጠይቁኝ።»

ደብረ ታቦር ደረስን። ሰናይት እንዳስተማረችን ገንዘቡን ባንድ ማሳ አልዘራነውም፤ ከሁለት ድርጅት አክሲዮን ገዛን፤ ለክፉ ቀን የሚሆነውን በባንክ ተውነው። በየወረቀቱ ላይ ስሙን ከስሜ አጠገብ ፈረመ። ሽሮ አዝዘን በአንድ ትሪ በላን። አንድ ጊዜ አጎረሰኝ። ይህ ይቅርታ ነው ብዬ አልወስደውም፤ አያሌው አብሮት የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ያጎርሳል። እኔ ግን ያን ጉርሻ ስቀበል፣ ከብዙ ዓመት ወዲህ በእውነተኛ ስሜ የተቀበልሁት የመጀመሪያው ምግብ እንደሆነ ተሰማኝ፤ ደስታዬም ከዚያ ጀመረ።

እነሆ ጻፍሁት። በመጪው የሚካኤል ዕለት ከወረቀቱ ዓይኔን ሳላነሣ አነብበዋለሁ። ከዚያም በኋላ ለሚፈልግ ሁሉ ይሰጥ፤ እኔን ያላየ እንኳ ያንብበው። በአላዋቂነቴ አላመካኝም፤ አላዋቂ የነበርሁት ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። በሽምግልናዬ አላመካኝም፤ ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበርሁ። ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም፤ የማልናገርበትን ምክንያት በየወሩ እየመረጥሁ የተቀመጥሁት እኔ ራሴ ነኝ። የማኅበሬ አባላት ሆይ፣ እርሱ ከጽዋው ውጭ የቆየበትን ዘመን ያህል እኔም ከጽዋው ልውጣ ብላችሁ ብትፈርዱ ፍርዳችሁን እቀበላለሁ። ሰናይት ልጄ፣ የከፈትሽልኝን በር ለውሸት ስለተጠቀምሁበት ይቅር በይኝ። ሐጂ ይመር፣ «እነግራለሁ» ብዬዎት ነበር፤ ዘግይቼ ነገርሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ይህ ተነብቦ ሲያበቃ ማንም አይናገር፤ እኔን የሚያጽናና አይነሣ፤ የሚፈርድብኝም አይቸኩል። የመጀመሪያው ቃል የአያሌው ይሁን። ይቅር ቢል የእርሱ ነው፤ ባይልም የእርሱ ነው። የጀመረውንም እስኪጨርስ ድረስ ማንም አያቋርጠው።

ይህን ያነበብህ፣ ያዳመጥህም፣ ደጋህን ከውርጭ፣ ቆላህን ከአንበጣ ይጠብቅልህ። በማድጋህ በረከት፣ በደጅህ ሰላም አይታጣ። ልጆችህ እውነት ሲነግሩህ የምትደሰት፣ ስትሳሳትም ሳታድር የምትናገር ያድርግህ። የቤትህን ሰዎች ሁሉ፣ በቅርብም በሩቅም ያሉትን፣ በአንድ ማዕድ ይሰብስብልህ። ለዘለዓለሙ አሜን።